የሚጢዬ ልጅ ሕዋሳት

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ። ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ስሙት። ሕዋስ ይዤ ሳለሁ በሩን በርግዶ ገብቶ «እንዴት አደርሽ?» የሚለኝ ሰው፣ ያን ቀን ሰላምታ ያስጠላዋል። ሥራው ራሱ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ገና እየተሠራ ካለ የሰው አንጎል ውስጥ ግንድ ሕዋሳትን ለይቶ ማውጣት ቀልድ አይደለም። ግንድ ሕዋስ ማለት ሌላው የአንጎል ሕዋስ ሁሉ ከእሱ የሚወጣ፣ ዋናው ማለት ነው። ከቦታው ሲለይ ግን ነፍሱ አፍንጫው ላይ ናት። ትንሽ ከሞቀው፣ ትንሽ ከዘገየ፣ የያዘው እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ አለቀ፣ ሞተ።

ያን ጠዋት ደግሞ አንድ ሳጥን እጄ ገባ።

ሳጥኑ የመጣው ከመንገዱ ማዶ ካለው ሆስፒታል ነው። ጽንሳቸው የሞተባቸው ሴቶች ፈቅደው ሲፈርሙ፣ ከጽንሱ አንጎል የተወሰደው ቁራጭ በበረዶ ተከቦ ወደ እኛ ላብራቶሪ ይመጣል። ስም የለበትም፤ ቁጥርና የጽንሱ ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። የማን እንደሆነ ማወቅ ክልክል ነው። ይህን ደንብ ለአዲስ ገቢዎች ጣቴን እየቀሰርኩ የማስተምረው እኔው ነኝ። ግን ምን ያደርጋል፣ ያን ቀን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ታናሽ እህቴን ሆስፒታል ያስተኛኋት እኔ ነበርኩ።

ሚጢዬ ነው የምላት። ትዳር ይዛ፣ በቁመትም በልጣኝ ያው ሚጢዬ ናት። የምትሠራው ልብስ በኬሚካል በሚታጠብበት ላውንደሪ ነው፤ እርጉዝ ሆናም አላቋረጠችም። አልትራሳውንድ ያነሣት ሐኪም «የልጁ ጭንቅላት እንደ ዕድሜው አላደገም» አላት፤ ብዙም ሳይቆይ ልቡ መምታት አቆመ። ራስጌዋ ተቀምጬ ሳለሁ አማቷ ገቡ። ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ «እኔስ ተናግሬ ነበር» አሉ። «የዚያ ቤት ሽታ እንኳን ለጽንስ ለቆመ ሰውም አይሆንም ብዬ ነበር። ማን ሰምቶኝ!»

ደሜ ፈላ። ሴትዮዋን ልክ ልካቸውን ልነግራቸው ብድግ ስል ሚጢዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተያቸው እታለም፣ እውነታቸውን ነው» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ይህን ስትል አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሟ ስለ ልገሳው ሊጠይቃት ሲመጣም አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፤ «ከሰጠሁ ምክንያቱን ይነግሩኛል?» ቃል አልገባላትም። ቤተሰቡን የሚነካ ነገር ከተገኘ ግን፣ እሷም ማወቅ ከፈለገች፣ ራሱ ጠርቶ እንደሚነግራት አስረዳት። እሷም ባሏም ደም ሰጡ። ፈረመች።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። እህቴ ልጄን ገደልኩ ብላ ዕድሜ ልኳን ልትኖር ነው፤ እውነቱ ደግሞ ያለው እኔ በያዝኩት ሳጥን ውስጥ ነው።

ሳጥኑን አቅፌ ቀጥታ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባሁ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የማልቆጣቸው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ይሄ የእህቴ ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አጠገቧ ነበርኩ። ዕድሜው ልክ ነው፣ ቀኑም ልክ ነው።»

«እንግዲያው አትነኪውም።»

«ታዲያ የሕዋስ መለያ ማሽኑን ማን ሊነዳው ነው? እርስዎ?»

አፌ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ከእኔ ሌላ ማሽኑን የሚችለው ባልደረባችን ለሥልጠና ከአገር ወጥቷል፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ደግሞ እሱ እስኪመለስ አይጠብቅም።

«ትለዪዋለሽ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ ግን እጅሽን ታነሺያለሽ። ሕዋሳቱ የሚያድጉበትን ማሞቂያ አትከፍቺም፣ ሳህኖቹን አታዪም፣ አትቆጥሪም። የሚቆጥረው ዝምዬ ነው። የትኛው ሳህን የማን እንደሆነ ለእሱም አይነገርም።»

«ለምን? እኔ እዋሻለሁ እንዴ?»

«አትዋሺም። ዓይንሽ ግን የፈለገውን ነው የሚያየው። አንቺ አሁን ፈርደሽ ነው የመጣሽው።»

ተናደድኩ፤ ግን እውነታቸውን ነበር። ሚጢዬ ነጻ እንድትወጣ እንጂ ሌላ መልስ አልፈልግም ነበር። የአማቷን አፍ የሚያዘጋ ነገር ነበር የምፈልገው።

ዝምዬ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ከእሱ አፍ ቃል ከማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ይቀላል። ያን ቀን ሊረዳኝ አጠገቤ ቆመ።

መጀመሪያ ቁራጩ ይፈታል። ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያጣበቃቸውን ነገር በሚያላላ ፈሳሽ ውስጥ ይነከርና፣ ፒፔት በሚባል ቀጭን መምጠጫ ወደ ላይ እየተሳበ ወደ ታች እየተለቀቀ ይበተናል። እዚህ ላይ እጅ መጨከን አለበት። ከዚያ ግንድ ሕዋሳቱ ላይ ብቻ የሚጣበቅ አብሪ ቀለም ይጨመርና ወደ መለያ ማሽኑ ይገባል። ማሽኑ ሕዋሳቱን ከፀጉር በቀጠነ የውሃ ክር ላይ አንድ በአንድ አሰልፎ በሌዘር ፊት ያሳልፋቸዋል፤ የሚያበራውን ወደ አንድ ቱቦ፣ የማያበራውን ወደ ሌላ። እኔ ስክሪኑ ላይ እንደ ነጥብ አያቸዋለሁ፤ የምፈልጋቸውን ነጥቦች በመስመር አጥሬ «እነዚህን ያዝልኝ» እለዋለሁ።

ጀመርን። ነጥቦቹ ብቅ ብቅ አሉ። ጥቂት እንደሄደ የውሃው ክር ተንጋደደ፤ ማሽኑ ጮኸና ቆመ።

«ተዘጋ» አለ ዝምዬ።

«አየሁ! ዓይን አለኝ!»

የማሽኑን አፍ ፈትቼ አጥቤ መለስኩት። ክሩ ቀጥ አለ፤ ደስ ሳይለኝ እንደገና ተንጋደደ። አሁንም ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ መለስኩ። አሁንም ተዘጋ። ቱቦው በረዶ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ እየጠበቀ ይሞታል። ሌላ ቁራጭ የለም፤ ሌላ ዕድል የለም፤ ይሄ ካለቀ ሚጢዬ መልስ የላትም።

«በረዶ ጨምር እንጂ! ምን ቆመህ ታየኛለህ?» ብዬ ጮህኩበት።

ጨመረ። ከዚያ ቱቦውን ወደ መብራቱ አንሥቶ አሳየኝ። ውስጡ ነጫጭ ጓል ይንሳፈፋል።

«አልተፈታም» አለ። «ዛሬ ሳስተሽለታል።»

ቃሉ መሐል ልቤ ላይ አረፈ። እውነትም ሳስቼለት ነበር። ሁልጊዜ እጄን ጨከን አድርጌ የምፈታውን፣ ዛሬ እንደ አራስ ገላ በጣት ጫፍ ነበር የነካሁት። የሚጢዬ ልጅ ነው፤ የአክስት እጅ እንዴት ይጨክናል? ግን አሁን እየጨረሰው ያለው ያ መሳሳቴ ነበር። የተጣበቀው ጓል ነው የማሽኑን አፍ የሚደፍነው።

ፒፔቱን አነሣሁ። «ይቅር በለኝ የእኔ አባት» አልኩ በልቤ። ከዚያ ሁልጊዜ እንደማደርገው አደረግሁት፤ ሳብኩ፣ ለቀቅሁ፣ ሳብኩ፣ ለቀቅሁ፣ ጓሉ እስኪጠፋ ድረስ። አጣራሁት። እንባዬ ጭምብሌ ውስጥ ገባ፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ ፊት አይነካምና አልጠረግሁትም። ዝምዬ አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ክሩ ቀጥ አለ፣ ቀጥ እንዳለም ቆየ። ነጥቦቹ ወረዱ። አብሪዎቹ ከጠበቅሁት በጣም ያነሱ ነበሩ፤ ግን ነበሩ፣ በሕይወትም ነበሩ። ፕሮፌሰሯ መጥተው ቱቦውን ከእጄ ተቀበሉኝና ሄዱ። እኔ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ፕሮፌሰሯ የሚጢዬን ልጅ ሕዋሳት በሳህኖች ላይ ዘሯቸው፤ ከጎናቸው ደግሞ አንጎሉ ጤነኛ ከነበረ ከሌላ ጽንስ የተወሰዱ፣ በቅዝቃዜ የቆዩ ሕዋሳትን ዘሩ። ያው ምግብ፣ ያው ሙቀት። ግንድ ሕዋስ መጀመሪያ አካባቢ ለሁለት ሲከፈል፣ ሁለቱም ግንድ ሆነው መቅረት አለባቸው፤ እንዲበዙ። በቂ ከሆኑ በኋላ ነው ወደ ነርቭ ሕዋስ መለወጥ የሚጀምሩት። ቸኩለው ከተለወጡ ግንዱ ያልቅና አንጎሉ ሳያድግ ይቀራል። ለዘር ያስቀመጠውን እህል ቆልቶ እንደበላ ገበሬ ማለት ነው። ዝምዬ በማይክሮስኮፕ የሚቆጥረው ስንቱ ግንድ ሆኖ እንደቀረ፣ ስንቱ ቸኩሎ እንደተለወጠ ነበር።

ኮሪደር ላይ ጠብቄ እይዘዋለሁ።

«ቆጠርክ?»

«ቆጠርኩ።»

«እና?»

«ቁጥር ነው።»

«አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እጄ ላይ ትጠፋለህ!»

ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሚጢዬ መጀመሪያ ሰሞን ትደውል ነበር። «ምን አሉ?» ትለኛለች፤ «ገና ነው» እላታለሁ። ከዚያ መደወሉን ተወችው። ሥራዋንም እንደተወች ከባሏ ሰማሁ። ልጠይቃት ስሄድ አማቷ በሩን ገርበብ አድርገው ይቆማሉ።

«ተኝታለች» ይሉኛል።

«በቀትር?»

«ደክሟት ነው። ሌላ ቀን ነይ።»

በሩ ይዘጋል። ጥርሴን እያፋጨሁ እመለሳለሁ። ሴትዮዋ እህቴን በጸጸት አልጋ ላይ አስቀሯት፣ ከሰውም ለዩአት አልኩ። እኔ ደግሞ ከሰዎቹ ሁሉ አውቃለሁ የምለው፣ መልሱ ግድግዳ ለግድግዳ አጠገቤ እያለ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ።

አንድ ቀን አልቻልኩም። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። የማሞቂያውን እጀታ ያዝኩ። ሳህኖቹ ከበሩ ጀርባ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ባያቸው አውቀዋለሁ፣ ይህን ያህል ዓመት የሠራሁበት ዓይን ነው። እጀታው ለመዞር ትንሽ ሲቀረው ከኋላዬ የዝምዬ ድምፅ መጣ።

«ካየሽው ሁሉንም እንጥለዋለን።»

ዞሬ አፈጠጥኩበት። እሱም አፈጠጠብኝ።

«የማን እንደሆነ አላውቅም» አለ። «አንቺ እንደምታውቂ ግን ፊትሽ ይናገራል። ብታዪው ማንም አያምነውም። አንቺ ራስሽ አታምኚውም።»

ይህን ያህል ቃል ባንዴ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እጀታውን ለቀቅሁ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።

ወራት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሯ አስጠሩኝ።

«ተቀመጪ» አሉ።

«እንዲያው ይንገሩኝ።»

«ዝምዬ ቆጠረ፤ ሌላም ሰው የማን እንደሆነ ሳያውቅ ደገመው። ገጠመ። የእህትሽ ልጅ ሕዋሳት ቸኩለው ነው የሚለወጡት። ንጹሕ ሳህን ላይ፣ ከማንም ጋር እኩል ተመግበው፣ ያው ቸኮሉ። ዘረ መላቸውም ተነቧል። ግንድ ሕዋሱን ‹ገና ነው፣ ቆይ› የሚለው ጂን ተሰብሯል። አንዱ ቅጂ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። የሁለቱም ደም ይህንኑ ነው ያሳየው፤ እነሱ አንድ አንድ ጤነኛ ቅጂ ስላላቸው አልታመሙም።»

«ሽታው የለበትም?»

«ይህን ሽታ አላመጣውም።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ፕሮፌሰሯን እንዳላቅፋቸው ጠረጴዛው ገላገላቸው።

«ተቀመጪ ብዬሻለሁ፤ አልጨረስኩም» አሉኝ። «ውጤቱ ለሐኪሟ ተልኳል። ነገ ጠርቶ በሥርዓት ያስረዳታል። ከእሱ እንዳትቀድሚ።»

«እሺ» አልኩ። እግሬ ግን በሩ ጋ ደርሶ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ብጤ ነው።

ብርዱ የሚቆነጥጥ ቀን ነበር፤ የሚጢዬ ቤት መስኮቶች ግን ሁሉም ወለል ብለው ተከፍተዋል። በሩን ሳላንኳኳ ገፋሁት። ሚጢዬ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች። አማቷ ተንበርክከው ወለሉን በባዶ ውሃ ይወለውላሉ፤ ሳሙና እንኳን የለበትም። ቀና ብለው «ሽቶ ተቀብተሽ ከሆነ እዚያው ቁሚ» አሉኝ።

በቃ፣ ገነፈልኩ።

«አሁንም ሽታ! እስከ መቼ ነው በዚህ ሽታ የሚያሰቃዩአት? እንግዲህ ይስሙኝ! ሽታው አይደለም! ላውንደሪውም አይደለም! ተቆጥሮ፣ ተነቦ ታውቋል። ከእሷም ከልጅዎም እኩል የመጣ ነው። ሰምተዋል? ግማሹ የልጅዎ ነው!»

ሴትዮዋ መወልወያውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። እኔ ሚጢዬ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ጉልበቷን ያዝኩ።

«ጥፋትሽ አይደለም፣ ሚጢዬ። አንድ ቀን እንኳን ሥራ ባትሄጂ፣ ካረገዝሽበት ቀን አንሥቶ አልጋ ላይ ብትተኚ ያው ነበር። ምንም ብታደርጊ ያው ነበር!»

እየሳቅሁ ነበር ይህን ያልኩት። እሷም ትስቃለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ምንም ባደርግ?» አለች።

«ምንም!»

«ያኛው ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው? ወይስ ሌላም ቢመጣ?»

ይህን ለስንት ተማሪ አስተምሬዋለሁ፤ መልሱ አፌ ላይ ነው። «አባትም እናትም ተሸካሚ ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ...» ብዬ ጀመርኩ። ብርድ ልብሱ ሸርተት ብሎ ነበር። እጇ ሆዷ ላይ ነው።

አማቷ እርጥቡ ወለል ላይ ዘፍ አሉ።

«ሦስተኛ ወሯን ይዛለች» አሉ። «ለማንም አይንገሩ ብላኝ ነው በር ላይ የምመልስሽ። እኔ እኮ ልጄ፣ ባልዲ እንኳን አላስነሣኋትም። ከወጥ ሽታ እንኳን ጠብቄያታለሁ።»

ክው አልኩ። ፕሮፌሰሯ «አልጨረስኩም» ሲሉ ሊሉኝ የነበረው ይህ ከአራት አንዱ ነው። እኔ የማውቀውን ነገር፣ በየቀኑ የምናገረውን ነገር፣ እህቴ ላይ ሲሆን አላየሁትም። የሚታየኝ ጥፋተኛና ንጹሕ ብቻ ነበር።

«እታለም» አለች ሚጢዬ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔ እንደገና የደፈርኩት ጥፋቴ ነው ብዬ ስላመንኩ ነው። የእኔ ጥፋት ከሆነ አልደግመውም፣ ይሄኛው ይተርፍልኛል ብዬ። ሥራዬን ተውኩ። ሽቶዬን ጣልኩ። በዚህ ብርድ መስኮት ከፍቼ ተቀመጥኩ። አሁን ምን ትቼ ላትርፈው?»

«ከአራት ሦስቱ እኮ ደህና ነው» ልላት አፌን ከፈትኩና አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

«ደስ ብሎሽ ነው የመጣሽው፣ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ። «በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።»

ራሴን ዳበሰችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«ሐኪሙ ልጁ ሳይወለድ ማወቅ ይችላል? ከአራቱ የትኛው እንደደረሰው?»

«ይችላል።»

አማቷ ተነሥተው መስኮቶቹን አንድ በአንድ መዝጋት ጀመሩ። ሚጢዬ እሳቸውን አላየችም፤ የምታየው እኔን ነበር።

«ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለች። «እዚያ ግን እንዳትናገሪ። እሱ ይንገረኝ።»